ድንኳኑ በሸራ ላይ፦ የኢራን አርብቶ አደሮች በዘመናዊ ሥዕል

የእስላማዊ ሥነ ጥበብ ጥናት በአብዛኛው የከተማ ጥናት ሆኖ ቆይቷል። የመስጊድ ጉልላት፣ የግድግዳ ሸክላ፣ የቁም ጽሕፈትና የእጅ ጽሑፍ መጻሕፍት ሥዕል በሰፊው ሲመረመሩ በድንኳን የሚኖረው ሕዝብ ግን ጥቂት ገጾች ብቻ ይደርሱታል። የኢራን ዘመናዊ ሠዓልያን ይህን ሕዝብ ወደ ሸራ ማምጣታቸው ስለዚህ ሊመሰገን የሚገባው ሥራ ነው። ይሁንና ምስጋናው ጥያቄውን ሊያስቀር አይገባም፦ ወደ ሸራው የመጣው ሕይወቱ ነው ወይስ ልብሱ?

«ዘላን» የሚለው የአማርኛ ቃል የንቀት ቃና ስላለው እዚህ «አርብቶ አደር» ማለትን መርጠናል። በፋርስኛ ወቅታዊው ጉዞ «ኩች»፣ ተጓዡ ጎሳም «ኢል» ይባላል። ጉዞው እኛ ቆላና ደጋ በምንላቸው፣ እነርሱ «ገርምሲር» እና «ሰርድሲር» ብለው በሚጠሯቸው አገሮች መካከል ነው። የባኽቲያሪ ጎሳዎች ክረምቱን በኹዜስታን ሜዳ አሳልፈው በጸደይ የዛግሮስን ተራሮች ያቋርጣሉ፤ ቱርክኛ ተናጋሪዎቹ ቃሽቃዮችም በፋርስ ክፍለ ሀገር ተመሳሳይ ጉዞ ያደርጋሉ።

ሥዕሎቹ የተሣሉበት ዘመን ለዚህ ጉዞ ሰላማዊ አልነበረም። በረዛ ሻህ ዘመን (እ.ኤ.አ. 1925–1941) መንግሥት የጎሳዎቹን ትጥቅ አስፈታ፤ በ1928 ወንዶች የአውሮፓ ልብስ እንዲለብሱ በሕግ አስገደደ፤ በ1930ዎቹም አርብቶ አደሮችን በግድ ማስፈሩን ገፋበት። ደጋ መውጣት የተከለከለው ከብት በቆላ ሙቀት አለቀ። ንጉሡ በ1941 ከዙፋን ሲወርድ ብዙዎች ወደ ጉዟቸው ተመለሱ።

የኢራን ዘመናዊ ሥዕል አባት የሚባለው ጀሊል ዚያፑር (1920–1999) ሥራውን የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። በፓሪስ ከአንድሬ ሎት ዘንድ ኩቢዝምን ተምሮ ተመለሰ፤ «ተዋጊ አውራ ዶሮ» የተባለውንም የሥነ ጥበብ ማኅበር ከባልደረቦቹ ጋር መሠረተ። የፓሪሱን ትምህርት እንዳለ መገልበጥ አልፈለገም። ከኢራን የግድግዳ ሸክላ የካሬ አከፋፈልን ወሰደ፤ የጎሳ ሴቶችንም በዚያ ሥርዓት ሣለ። ከእነዚህም መካከል የቁቻን ኩርድ ሴት ሥዕሉ ትጠቀሳለች። የጎሳዎችን አለባበስ በጥናት መዝግቦ መጽሐፍ ያሳተመም ሰው ነው። መንግሥት የጎሳን ልብስ የኋላ ቀርነት ምልክት ባደረገበት አገር ያንኑ ልብስ የዘመናዊ ሥዕል ማዕከል ማድረግ ቀላል ነገር አይደለም።

ክርክራችን ከዚህ ይጀምራል። የግድግዳ ሸክላ ከቦታው የማይነሣ ቤት ጥበብ ነው፤ አስቀድሞ ተለክቶ ይቆረጣል፣ በግንብ ላይ ይለጠፋል፣ በዚያው ይቀራል። ጉዞን ሕይወቷ ያደረገች ሴት በሸክላ ካሬዎች ስትከፋፈል ጌጧና ቀለሟ ይደምቃሉ፤ እርሷ ግን ትሰፍራለች። ሠዓሊው ይህን አስቦ አደረገው አንልም፤ ዓላማው ብሔራዊ የሆነ ዘመናዊ ቋንቋ መፍጠር ነበር። ይሁን እንጂ «ብሔራዊ» ተብሎ የተመረጠው ቅርጽ የከተማው ቅርጽ ነው። አርብቶ አደሯ ለሥዕሉ ርእስ ሰጠች፤ ቋንቋ እንድትሰጥ ግን አልተጠየቀችም።

ቋንቋ አጥታ አይደለም። የፋርስ ጎሳዎች ሴቶች የሚሠሩት «ገቤ» የተባለ ወፍራም ምንጣፍ (ከእኛው ጋቢ ጋር የሚቀራረበው በስም ብቻ ነው) ዘመናውያን ሠዓልያን በብዙ ድካም የደረሱበትን ነፃ ቅርጽና ሰፊ የቀለም መስክ ከራሱ ወግ ያገኘ ነው። የሽመና ዕቃው በችካል መሬት ላይ ይወጠራል፤ ጉዞ ሲደርስ ገና ያላለቀው ምንጣፍ ተጠቅልሎ ይጫናል። ሱፉ በጥቂት በጥቂቱ ስለሚነከር አንዱ ቀይ ከሌላው ቀይ ይለያል። «አብራሽ» የሚሉት ይህ የቀለም መለዋወጥ በከተማ ፋብሪካ እንደ ጉድለት ሊቆጠር ይችላል፤ በጎሳው ምንጣፍ ላይ ግን የሥራው ታሪክ ነው። የድርና የማግ ሥርዓትም እንደ ሸክላው በካሬ የተከፈለ ነው፤ ነገር ግን እጅ ሲጠብቅና ሲላላ አብሮ ይተጣጠፋል።

ይህን ቀደም ብሎ ካስተዋሉት አንዱ ቀራፂው ፓርቪዝ ታናቮሊ ነው። የፋርስን የአንበሳ ምንጣፎች ሰብስቦ አጠና። በኢራን አንበሳ የዐሊይ ኢብን አቢ ጣሊብ ቅጽል ነው፤ በባኽቲያሪ ምድርም የጀግና መቃብር ላይ የድንጋይ አንበሳ ይቆማል። በሸማኔዋ እጅ አንበሳው ፊቱ እንደ ሰው፣ ጎፈሬው እንደ ጌጥ መስመር ሊሆን ይችላል። ታናቮሊ እነዚህን ሥራዎች የማያውቅ እጅ ስሕተት አላላቸውም፤ በራሳቸው ሕግ የሚዳኙ ሥራዎች አድርጎ አቀረባቸው።

ሠዓሊ ሁሉ ምንጣፍ ይኮርጅ ማለታችን አይደለም፤ ያም ሌላ ጌጥ ይሆናል። የምንለው የተሣለችው ሴት ራሷ ባለሙያ መሆኗ በሥዕሉ ይታወቅ ነው። ዛሬ በየአዳራሹ ከሚታዩት የጎሳ ሥዕሎች ብዙዎቹ የሚያብረቀርቅ ቀሚስና የሚጋልብ ፈረስ ያሳያሉ። ከፍየል ጠጉር የተሠራውን ጥቁር ድንኳን የሸመነችው፣ ወተቱን የናጠችው፣ ጭነቱን ያሰረችው እጅ ግን ከቀሚሱ ሥር ትቀራለች። ድካሙ ሲወጣለት ጉዞው ትርኢት ይሆናል።

ስለዚህ በዚህ ርእስ የሚሣል ሥዕል ሲቀርብልን ከአጻጻፉ ዘመናዊነት በፊት ሁለት ነገር እንመልከት፦ ሰዎቹ ምን እየሠሩ ነው? የሥዕሉስ ቅርጽ ከእነርሱ ምን ተምሯል? በዚህ ሚዛን የዚያፑር ሥራ የመጀመሪያውን በር ከፍቷል። ሁለተኛው የሚከፈተው የእስላማዊ ሥነ ጥበብ ጥናት የሸማኔዋን ቋጠሮ ከመስጊዱ ሸክላ ጎን ለጎን ማንበብ ሲጀምር ነው።