ከሌንሱ በፊት ፍሬሙ

መርካቶ መነጽር ሊያሠራ የሚመጣ፣ ቁጥሩ ከማይነስ 6 ያለፈ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ የጠርሙስ ቂጥ እንዳይመስልብኝ፤ ቀጭኑን ይስጡኝ።» ቀጭኑ የሚሉት 1.74ን ነው። ብርሃን የማጠፍ አቅሙ ማለትም ኢንዴክሱ ከተራው ፕላስቲክ ከ1.50 ስለሚበልጥ ሳይወፍር ያንኑ ሥራ ይሠራል። ዋጋውም አብሮ ይወጣል። እኔ ግን አስቀድሜ የማየው የመረጡትን ፍሬም ነው።

ለማይነስ 10 የተሠራ፣ ስፋቱ 50 ሚሊሜትር የሆነ 1.74 ሌንስ ጠርዙ ከመሃሉ በ4.2 ሚሊሜትር ገደማ ይወፍራል። ተራው 1.50 በ40 ሚሊሜትር ቢቆረጥ ልዩነቱ 4 ሚሊሜትር ነው! እርግጥ ተራው እንዳይሰበር መሃሉ ወፈር ተደርጎ ስለሚሠራ በጠቅላላው አይቀጥንም። ነገር ግን ሰፊ ፍሬም የውድ ሌንስን ጥቅም እንዴት እንደሚበላ ይታያል። ስለዚህ ትንሽ፣ ክብ ወይም ሞላላ፣ ብሌኑ መሃል ላይ የሚውልበትን አስመርጣለሁ።

ከዚያ ወደ ቁሱ እሄዳለሁ። በጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ በኤርንስት አቤ ስም የሚጠራ መለኪያ አለ፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ብርሃንን ወደ ቀለማት ይበልጥ ይበትናል። ተራው ፕላስቲክ 58፣ 1.60 ወደ 41፣ 1.67 እና 1.74 ግን 32 እና 33 ናቸው። ከባድ ቁጥር ያለው ሰው በሌንሱ ዳር በኩል ሲመለከት የታርጋ ጽሑፍ ጠርዙ ሰማያዊና ብርቱካናማ የሚሆንበት ለዚህ ነው። ለማይነስ 6 እና 7 ከ1.60 አልወጣም። ከ8 በላይ 1.67 እሰጣለሁ። ከላይ ባልኩት ስፋት 1.74 ከእሱ የሚቀንሰው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ቁሱ ደግሞ የበለጠ እፍጋት አለው። ቀጠነ ማለት ቀለለ ማለት አይደለም።

ምናለሽ ተራ ብረት ሲቀጠቅጥ ለሚውል ደንበኛ ሐሳቤን እለውጣለሁ። ፖሊካርቦኔት አቤው 30 ቢሆንም ምት ይችላል፤ ለሕፃናትና በአንድ ዓይን ብቻ ለሚያይ ሰውም የማዘው እሱን ነው። ለሥራው ግን በላዩ የደህንነት መነጽር ያድርግበት።

ኢንዴክስ ሲጨምር ነጸብራቅም ይጨምራል፦ 1.50 በአንድ ገጹ 4 በመቶ፣ 1.74 ከ7 በመቶ በላይ ብርሃን ይመልሳል። ፀረ ነጸብራቅ ቅብ የሌለውን ውድ ሌንስ አትግዙ።

1.60ን ከ1.67 በዓይን መለየት ያስቸግራል። ኢንዴክሱ ደረሰኙ ላይ እንዲጻፍላችሁ ጠይቁ፤ ሌንሱ የመጣበትን ፖስታም ተቀበሉ።