ፊደሉን አታርሙት

ኮርፐስ፣ ማለትም ለቋንቋ ጥናት የሚሆን የጽሑፍ ክምችት፣ ስሠራ አስቀድሜ የምጠይቀው «የማን አማርኛ ነው?» ብዬ ነው። በእጅ የቃል ክፍል ከተለጠፈላቸው የአማርኛ ክምችቶች በጣም የታወቀው የዋልታ ኢንፎርሜሽን ማዕከል 1,065 ዜናዎች ናቸው፤ ወደ 210 ሺህ ቃላት። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ልብ ወለድና ታሪክ የተካተቱበት፣ 24 ሚሊዮን ያህል ቃላት ያሉት ክምችት ወጣ። ሁለቱም ትልቅ ውለታ ናቸው። ነገር ግን ጎንደር ፒያሳ ላይ ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው አማርኛ የዜና አማርኛ አይደለም፤ የአያት ቅድመ አያቱም አልነበረም።

የነሱን አማርኛ የምናገኘው በጎንደር አብያተ ክርስቲያናት የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን ሪም፣ ማለትም ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት የሚያዝ መሬት፣ ሲሸጥ ሻጩ፣ ገዥው፣ ዋጋውና ምስክሮቹ እዚያ ይጻፉ ነበር። ሴቶችም ሸጠውና ገዝተው በስማቸው ሰፍረዋል። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ ይህን ጽሑፍ ለዓመታት አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2000 ስለ መሬትና ኅብረተሰብ ባሳተመው መጽሐፍ ተጠቅሞበታል። እሱ የመሬቱን ታሪክ ፈለገበት፤ እኔ ቋንቋውን እፈልግበታለሁ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምይዘው ነገር አለ፦ ፊደሉ አይታረም። ጸሐፊው «ንጉሥ»ን «ንጉስ» ብሎ ከጻፈ ጆሮው ሁለቱን ፊደላት እንደማይለይ መስክሮልናል። አስተካክለን ከገለበጥነው ምስክሩን አባረርን ማለት ነው። በሌላ በኩል ለፍለጋ አንድ ወጥ አጻጻፍ የግድ ነው፤ «ፀሐይ» ብቻውን፣ ሞክሼ ፊደላቱ ሲቀያየሩ፣ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ረድፍ እይዛለሁ፤ አንዱ ብራናው እንዳለው፣ ሌላው ለኮምፒውተር የተስተካከለ። ፍለጋው በሁለተኛው ይካሄዳል፤ ፍርዱ በመጀመሪያው።

ግሱ ከዚህም ይብሳል። «ሸጠ» ብዬ ስፈልግ «ሸጠች» እና «የሸጠው» ይመጣሉ፤ «ሸጦ»፣ «ሸጡ»፣ «ሲሸጥ»፣ «ሻጭ» እና «ሽያጭ» ግን ይቀራሉ፤ ፊደሉ ራሱ ተለውጧልና። ሆርንሞርፎ የተባለው የማይክል ጋሰር የኮምፒውተር ፕሮግራም ቃሉን ወደ ሥሩ ይመልሳል፤ ሆኖም የተሠራው ለዛሬው አማርኛ ነው። ግእዝና አማርኛ በተቀላቀሉበት ኅዳግ ላይ የቃሉን መልኮች አንድ በአንድ በእጅ ከመዘርዘር የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪም ነገሩ ያው ነው። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ማን ማንን አንቱ እንደሚል ለመቁጠር «አንቱ»ን ብቻ መፈለግ አይበቃም። አክብሮቱ ግሱ ውስጥም ተደብቋል፤ ገጹን ማንበብ ግድ ይላል።

ዘመን መስጠትም ሌላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ኅዳጉ ከመጽሐፉ በመቶ ዓመት ሊያንስ ይችላል፤ የመጽሐፉን ዘመን ለኅዳጉ የሰጠ ሰው ቃሉን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። «በዘመነ ማቴዎስ» የሚለውም በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለስ ብቻውን አይበቃም። የንጉሡን፣ የአለቃውን ወይም የምስክሮቹን ስም ከሌላ ኅዳግ ጋር ማመሳከር ይጠይቃል። ይህ እስኪሆን ድረስ የዓመቱን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ።