ሸሸር ውኃ በነበረ ጊዜ

ከሐሙሲት ተነሥቶ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ወረታ የሚሄድ መንገደኛ ወደ ግራው ቢመለከት እስከ ጣና ዳር የሩዝ ማሳ ነው። በዚያ የፎገራ ሜዳ ውስጥ የርብ ወንዝ ሲሞላ የሚሞሉ፣ ርብ ሲጎድልም ውኃቸውን ይዘው በጋውን የሚያሳልፉ ሁለት ረግረጎች ነበሩ፤ ሸሸርና ወላላ። ዛሬ የማነሣው ትልቁን፣ ሸሸርን ነው።

ቀን ተቆርጦለት የሚታወስ ሞት አልሞተም። ያለቀው እያደር ነው። መዝገቡን የያዘችው ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየ16 ቀኑ በላዩ ታልፍ የነበረችው ሳተላይት፣ ላንድሳት 5 ናት። በምስሏ ላይ አንዷ ነጥብ 30 በ30 ሜትር መሬት ናት። ዓይናችን በማያየው የቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን ውኃ ጨረሩን ውጦ ይጠቁራል፣ ለምለም ሣር በቀይ ይደምቃል። የተለያዩ ዓመታትን የጥር ምስሎች በካርታ መሥሪያው ሶፍትዌር፣ በጂአይኤስ፣ አንዱን ባንዱ ላይ ስንደርብ ጥቁሩ ከዳር ዳር እየተበላ ይመጣል። እዚያው ምስል ላይ ጉማራ ከአፉ የሚያወጣው ደለል ጣና ውስጥ እንደ ምላስ ሲረዝም ይታያል።

አንድ ሐሙስ፣ ሐሙሲት ሻይ ቤት ላፕቶፔን ከፍቼ የድሮውን ምስል ስመለከት አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ጎንበስ አሉ። «ልጄ፣ ይኸ ጥቁሩ ውኃ ነው?» «አዎ አባባ፣ ሸሸር ነው።» ጣታቸውን አሳረፉበት። «እዚች ጋ ነበር ከብት የምናጠጣ። ሌላው ሜዳ በበጋ ሲነድ እዚህ ሣር አይጠፋም።» ጣታቸው የረግረጉን ግማሽ ሸፈነ። ከሃያ ዓመት በኋላ የተነሣውን ስከፍት ያችው ጣት ሁሉንም ሸፈነችው። ዝም ብለው ሻያቸውን ጠጡ።

ሸሸር የፎገራ ላም የበጋ ጓዳ ነበር። ክረምት ሲገባ አምባዛ ከጣና ተነሥቶ ወደ ጎርፉ ሜዳ ወጥቶ እንቁላሉን ይጥልበት ነበር። ራሱ ላይ ወርቃማ ጉትዬ ያለው ባለ ረጅም እግሩ ወፍ ይውልበት ነበር፤ ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ዘመዶቹም አብረውት በጋውን ያሳልፉ ነበር።

ምን ገደለው? ርብ ከጉና ተራራ የሚያወርደው ደለል ሞላው። ጎርፉን ለመከላከል በወንዙ ዳር የተካበው አፈር መጋቢውን ቆረጠበት። የቀረውን ውኃ የሽንኩርት ፓምፕ ጠጣው፣ ውኃው በሸሸ ቁጥርም ማረሻ ተከተለው። መሬት ለጠበበው ገበሬ የደረቀ ረግረግ ማለት ርስት ነው፤ በእሱ መፍረድ ይከብደኛል። ሩዝንም አልረግምም። በደርግ ዘመን በጅግናና በሻጋ የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተሞከረው እህል፣ ውኃ ሌላውን ሰብል በሚያበሰብስበት መሬት ላይ ስንቱን ቤት ከችግር አውጥቷል።

ግን ይኸው ሩዝ ካርታ ሠሪን ያታልላል። በመስከረም ማሳው ውኃ ላይ ስለሚቆም ከሰማይ ሲያዩት ሜዳው እንደ ጥንቱ ይጠቁራል። እኔም በጀማሪነቴ ደመና ያልጋረደው የመስከረም ምስል አግኝቼ፣ ሸሸር ተመልሷል ብዬ ወሰኑን አስምሬ ሰማያዊ ቀለም ሞላሁበት። ቦታውን በጥር ምስል ሳየው ጓያና ሽንብራ ነው። መስመሩን አጠፋሁት።