የረዘመ ኮከብ

በሌሊት ካሜራውን በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አቁሞ መዝጊያውን ለ30 ሰከንድ የሚከፍት ጀማሪ፣ መጀመሪያ የሚያገኘው የተበላሸ የሚመስል ፎቶ ነው፤ ያለፈው መኪና ጠፍቶ የኋላ መብራቱ ቀይ መስመር ብቻ ይቀራል፣ ነጥብ መሆን የነበረበት ኮከብም ይረዝማል። መዝጊያን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ ፎቶ የማንሳት ውበት ግን እዚሁ ስህተት ውስጥ ይመስለኛል። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች፤ የረዘመው ኮከብ የዚያ ማስረጃ ነው። ሰዓታት ከተጠበቀማ ከዋክብቱ በሰሜን ኮከብ ዙሪያ ቅስት ይሠራሉ፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ኮከብ ከአድማስ ከፍ የሚለው 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው (እንጦጦ ካልጋረደው)።

ዓይን ያላየውን ማሳየት ማታለል ነው የሚሉ አሉ። ዓይን ግን ብርሃንን የሚያጠራቅመው ለሰከንድ ክፍልፋይ ነው፤ ካሜራው የደረሰውን ይደምራል እንጂ አዲስ ብርሃን አይፈጥርም። ስልክ ይህን ብርሃን የመደመር ሥራ በራሱ ይሠራል ለሚሉም፣ እውነት ነው፤ ብዙ አጫጭር ምስሎችን አስተካክሎ ሲደርብ ግን መጀመሪያ የሚያጠፋው ያንኑ የረዘመ ኮከብ ነው።