ስለ ካፌይንና ስለ እግር ኳስ ተጫዋቾች የተሰጠውን ምክር ስለ መመርመር

ዓለም አቀፉ የስፖርት ሥነ ምግብ ማኅበር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 ዓ.ም. ስለ ካፌይን ያወጣው የአቋም ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንደ ሕግ ሲጠቀስ ይታያል። እኛም በአሶሳ ሜዳ ለሚጫወት ወጣት ምን ያህል ይበጀዋል ስንል መርምረነዋል።

በመጀመሪያ የሚገባውን ምስጋና እናስቀድም። ጽሑፉ የብዙ ምርመራዎችን ውጤት ሰብስቦ፤ ለያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ3 እስከ 6 ሚሊግራም ካፌይን የወሰደ ስፖርተኛ አብዛኛውን ጊዜ ብርታት እንደሚያገኝ፤ 9 ሚሊግራም ግን ጉዳቱ እንደሚበዛና አስፈላጊ እንዳልሆነ ያስረዳል። ይኸውም ካፌይን በአንጎል ውስጥ የድካምን ስሜት የሚያመጣው አዴኖሲን የሚያርፍበትን ስፍራ ቀድሞ ስለሚይዝ ነው። በሙቀትና በከፍታ ስፍራም እንደሚረዳ መናገሩ፤ ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላለችውና ሙቀት ለማያጣት አሶሳ የቀረበ ነገር ነው።

ነገር ግን ልኩን ወደ ቤታችን ስናመጣው ይጎድላል። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ተጫዋች ከ180 እስከ 360 ሚሊግራም ያሻዋል። በእንክብል ከሆነ ቆጥሮ ይውጣል፤ በጀበና ከሆነ ግን አቦሉ፥ ቶናውና በረካው ከአንድ ዱቄት ወጥተው ኃይላቸው እየቀለለ ስለሚሄድ፤ «ሁለት ስኒ ጠጣሁ» ማለት ምንም ልክ አይነግረንም። በተቆላ የዐረቢካ ቡና ውስጥ ከመቶ 1.2 ያህሉ ካፌይን ነው ብለን ብናሰላ፤ 180 ሚሊግራም ለማግኘት 15 ግራም ያህል ዱቄት ለአንድ ሰው ብቻ ሊፈላ ይገባል። ለብቻው ጀበና የሚጥድ ተጫዋች ግን አላየንም፤ ቡና የጎረቤት ነው። ያልተመዘነ ቡና ጠጥቶ እንክብል የሚጨምርበት ወጣትም ከልኩ አልፎ ልቡ ሲመታበት ሊያገኘው ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ የልማድ ነው። በብዙ ምርመራዎች ተጫዋቾቹ ከፈተናው በፊት ለ24 ሰዓት ያህል ቡና እንዲተዉ ይደረጋል። ቡና የለመደ ሰው ግን ሲቀርበት ራሱን ያመዋል፤ ሰውነቱም ይዝላል። ከዚያ ካፌይን ተሰጥቶት ቢፈጥን፤ ብርታት ተጨመረለት ወይስ የጎደለው ተመለሰለት? ጽሑፉ የልማድን ነገር ያነሣል እንጂ አይፈታውም።

ከጨዋታው 60 ደቂቃ በፊት ይወሰድ የሚለውም ምክር፤ በረመዳን ጾሞ በቀን ለሚጫወት የአሶሳ ልጅ አይሠራም። ማታ ካፈጠረ በኋላ ቢወስደውም፤ ግማሹ ከደሙ እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ እንቅልፉን ይነሣዋል።

ደግሞም ካፌይንና ጫት በአንድ ዓይን እንዳይታዩ እናሳስባለን። ካፌይን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. ከተከለከሉት ቅመሞች ዝርዝር ወጥቷል፤ በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው።

ስለዚህ በአሶሳ ጥናት የሚያደርግ ተማሪ ዱቄቱን በሚዛን ይመዝን፤ የተጫዋቹን ልማድ አስቀድሞ ይጻፍ፤ ቡናቸውን ሳይተዉ የሚጫወቱትንም ጨምሮ ያነጻጽር። ይህ ሳይሆን የሌላ አገር ቁጥር መገልበጥ ምርምር ሊባል አይገባውም።