«ሐርኪ»ን «ባንዳ» ብሎ መተርጎም ይቻላልን?
(የአሊስ ዜኒቴርን «የማጣት ጥበብ» ምክንያት በማድረግ)

«የማጣት ጥበብ» በፈረንሳይኛ የታተመው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። ፍራንክ ዊን ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውን ለክፍል ውይይት ባቀረብኩበት ዕለት፣ አንዲት ተማሪ ዋናውን ገጸባሕርይ ዓሊን «ባንዳ ነዋ!» ብላ በአንድ ቃል ደመደመችው። ክፍሉም ተስማማ። እኔ ግን አጥጋቢ መልስ ሳልሰጥ ወጣሁ፤ ይህ ጽሑፍ የዚያ ዕለት ዕዳ ነው።

መቼቱ ከአልጄሪያ የነጻነት ጦርነት (1954–1962 እ.ኤ.አ.) ይነሣል። ዓሊ የካቢሊያ ተራራ ገበሬ፣ የወይራ ተክል ባለቤት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለፈረንሳይ የተዋጋ ሰው ነው። በፈረንሳይ ወገን ተቆጥሮ በ1962 ቤተሰቡን ይዞ ባሕር ይሻገራል። መጀመሪያ በሪቭዛልት መጠለያ፣ ቀጥሎ በደቡብ ፈረንሳይ ከዡክ መንደር ወጣ ብሎ በተሠራ የደን ሠራተኞች ሠፈር፣ በመጨረሻም በኖርማንዲ በምትገኘው በፍሌር ከተማ ይኖራል።

«ሐርካ» ፈረንሳይ ካገሬው ሰው የመለመለችው መደበኛ ያልሆነ ጦር ነበር፤ «ሐርኪ»ም የጦሩ አባል። «ባንዳ»ም ከጣልያንኛ የመጣ የዚሁ ዓይነት ጦር መጠሪያ ነው። ሁለቱም የሠራዊት ስም ሆነው ተነሥተው ስድብ ሆነው ቀሩ። «የባንዳ ልጅ» እንደምንለው ሁሉ ሐርኪነትም ወደ ልጅ ይወርዳል። ተማሪዋ እንግዲህ ያለ ምክንያት አልተናገረችም። ልዩነቱ ያለው በጠሪው ላይ ነው ባይ ነኝ። ዛሬ በአማርኛ «ባንዳ» ብሎ የሚጠራ የተከዳው ወገን ብቻ ነው። ሐርኪን ግን ሁለት አፍ ይጠራዋል፤ አልጄሪያ ትረግመዋለች፣ ፈረንሳይም በመዝገብ ጽፋ ለብቻው ታኖረዋለች።

ይህን አጉልቶ የሚያሳየው የዡክ ክፍል ነው። በታሪክም እንደሚታወቀው እንዲህ ያሉት የደን ሠፈሮች በኃላፊ የሚጠበቁ ነበሩ፤ ወንዶቹም ለመንግሥት ደን ቁጥቋጦ ይመነጥሩ፣ ችግኝ ይተክሉ ነበር። የራሱ ወይራ የነበረው ሰው የሌላውን ጫካ የሚጠርግ ምንደኛ ሲሆን ማየት ከብዙ ገጽ የጦርነት ትረካ ይልቅ ይናገራል። ሠፈሩ ከገጠር መንደር አጠገብ ነው፤ ሰዎቹ ግን የመንደሩ ሰዎች አይደሉም። ቅሬታዬም እዚሁ ላይ ነው፦ ደራሲዋ ወደ ፍሌር ትቸኩላለች። (የፈረንሳይ መንግሥት ለእነዚህ ቤተሰቦች አቀባበልና አኗኗር ኃላፊነቱን በሕግ ያመነው በ2022 ነው፤ ልቦለዱ ቀድሞታል።)

ዓሊ ለምን እንደዚያ እንደ መረጠ ሳይናገር ይሞታል። ልጁ ሐሚድ ያለፈውን ዘግቶ ይኖራል። በፓሪስ የሥዕል ጋለሪ የምትሠራው የልጅ ልጁ ናይማ ናት ፍለጋ የምትጀምረው። ተራኪዋ ክፍተቱን በግምት መሙላቷን አትሸሽግም። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ይህን የሴራ ድክመት አሉት፤ እኔ ግን ከልቦለዱ ሁሉ ታማኙ ነገር እርሱ ይመስለኛል። በእኛም ቤት የአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን ሲነሣ ዝም የሚሉ አዛውንት ነበሩ፤ ሳልጠይቃቸው አለፉ።

ልቦለዱን ወደ አማርኛ የሚመልስ ቢገኝ ምክሬ ይህ ነው፦ በፈረንሳይ ሹማምንት መዝገብና አፍ ሲመጣ «ሐርኪ»ን እንዳለ ይተወው፤ ከአልጄሪያዊ ከሳሽ አፍ ሲወጣ ብቻ «ባንዳ» ይበለው።