ስለ ወይዘሮ ኒኖ የመቃብር ጽሕፈት

በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ፥ ምታጽሚንዳ፥ ማለት ቅዱስ ተራራ፥ በተባለው ቦታ፥ በመነኵሴው በቅዱስ ዳዊት ስም በተሠራው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሁለት መቃብር ጎን ለጎን ይገኛል። አንደኛው የሩሲያዊው የቴአትር ደራሲ የአሌክሳንድር ግሪቦዬዶቭ ነው፤ ሁለተኛው የሚስቱ የወይዘሮ ኒኖ ቻቭቻቫዜ ነው። ወይዘሮ ኒኖ በባሏ መቃብር ላይ ያስቀረጸችው ጽሕፈት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፥ ከብዙ ወፍራም መጻሕፍት ይልቅ ሊመረመር የሚገባው ሆኖ አግኝተነዋል።

አስቀድመን ታሪኩን በአጭሩ እንናገር፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ኒኖ የመስፍኑና የባለቅኔው የአሌክሳንድር ቻቭቻቫዜ ልጅ ናት፤ የተወለደችውም በ1812 ነው። በ1828 በሲዮኒ ካቴድራል ስታገባ ገና 15 ዓመቷ ነበር። ባሏ በፋርስ የሩሲያ መልእክተኛ ስለ ነበረ፥ ነፍሰ ጡር ሚስቱን በታብሪዝ ትቶ ወደ ቴህራን ሄደ፤ በ1829 መጀመሪያም በዚያው በተነሣው ሁከት ሕዝብ ገደለው። ልጇም ያለ ጊዜው ተወልዶ ወዲያው ሞተ። በትዳር አብረው የኖሩት አራት ወር እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ወደ ጽሕፈቱ እንመለስ። የመጀመሪያው ክፍል የሟቹ አእምሮና ሥራ በሩሲያ መታሰቢያ የማይሞት መሆኑን ያውጃል። ይህን ማናቸውም የመንግሥት ጸሓፊ ሊጽፈው ይችል ነበር። ሁለተኛው ክፍል ግን ድንገት ድምፁን ለውጦ፥ ፍቅሬ ስለምን ከአንተ በኋላ ቀረ ብሎ ሟቹን ራሱን ይጠይቃል። በፊተኛው ባሏን ለሕዝብ ሰጠችው፤ በኋለኛው መልሳ የራሷ አደረገችው። አንዳንድ ሰው ይህን ማጕረምረም ይለው ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም፤ ኢዮብም ስለምን ብሎ ጠይቋል፤ አምላኩንም አልካደም።

ነቀፌታችን በሐውልቱና ሐውልቱን በሚከተሉት ጸሓፊዎች ላይ ነው። የነሐሱ ምስል ተንበርክካ መስቀል አቅፋ የምታለቅስ ሴት ናት፤ ጸሓፊዎቹም ወይዘሮ ኒኖን የትብሊሲ ጥቁር ጽጌረዳ እያሉ ከዚያ ድንጋይ ሥር እንዳትነሣ አድርገዋታል። ሥራቸው ያማረ ነው፤ ዳሩ ግን ግማሽ እውነት ነው። ሰው 28 ዓመት ሙሉ ተንበርክኮ አይኖርም! ባለቅኔው ግሪጎል ኦርቤሊያኒ ብዙ ዘመን ሲወዳት እንኳ ሁለተኛ ባል አላገባችም፤ ይህን ሁሉም ይተርከዋል። ከመቃብሩ ርቃ ያደረገችውን ግን በአንድ መስመር ያልፉታል፤ ይኸውም በ1857 የኮሌራ በሽታ ወደ ትብሊሲ በገባ ጊዜ፥ ከተማይቱን ለቃ መሸሽ ሲቻላት፥ የታመሙ ዘመዶቿን እያስታመመች መቅረቷ ነው። በሽታውም ያዛት፤ በ44 ዓመቷ ሞተች፤ በባሏም አጠገብ ተቀበረች።